ከእንባ ይልቅ ትንፋሽ፦ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ከዐይን ጋር ያላቸው ግንኙነትና የዐይን ሐኪሞች ጥበቃ፣ ለጉለሌ የሕክምና ተቋማት ያለው አንድምታ

አኅጽሮተ ጥናት

የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቁ ቫይረሶች ከዐይን ጋር ያላቸው ግንኙነት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ከፍተኛ ትኩረት ስቧል። ይሁንና ዐይን የሕመም ምልክት የሚታይበት፣ ቫይረስ የሚወጣበትና ቫይረስ የሚገባበት አካል መሆኑ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ሲሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይነሣሉ። ይህ ጥናት ሦስቱን ለያይቶ በመመርመር ለዐይን ሐኪሞች ጥበቃ ያላቸውን ትርጉም ያሳያል። የታተሙ የምርምር ውጤቶች እንደሚያስረዱት የዐይን መቅላት በኮሮና ቫይረስ የተያዘን ሰው ለመለየት የማያስተማምን ምልክት ነው። በሕሙማን እንባ ውስጥ ቫይረሱ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የሐኪሙ ዐይን ለቫይረስ መግቢያ ሊሆን እንደሚችል ግን በቂ ሥነ ሕይወታዊ ማስረጃ አለ። የዐይን ሐኪምን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው የታካሚው እንባ ሳይሆን ከቅርብ ርቀት የሚወጣው ትንፋሹ ነው። በመሆኑም ጥበቃው ዐይኑ የቀላ ታካሚ ሲመጣ ብቻ የሚጀመር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ታካሚ በቋሚነት የሚደረግ ሊሆን ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች፣ የዐይን መቅላት፣ እንባ፣ ስሊት ላምፕ፣ የዐይን ሐኪሞች ጥበቃ፣ ጉለሌ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እንዲሁም ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሚገኙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ስጋት ሲያይል የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ይመረመር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ምርመራው በኢንስቲትዩቱ ቤተ ሙከራ መሠራት ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ይፋ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስካሳወቀበት ጊዜ ድረስ በአገሪቱ 500,000 ያህል ሰዎች በምርመራ መያዛቸው ሲረጋገጥ ከ7,500 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ለዐይን ሕክምና ባለሙያዎች የወረርሽኙ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቫይረሱ ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2019 መጨረሻ ስለ አዲሱ በሽታ ባልደረቦቹን ያስጠነቀቀው ሊ ዌንሊያንግ በውሃን ማዕከላዊ ሆስፒታል የዐይን ሐኪም ነበር። ሐኪሙ የተያዘው ምንም የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት ካልታየባት አንዲት የግላኮማ ታካሚ እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2020 ሕይወቱ አለፈ። በቀጣዩ ወር የዚያው ሆስፒታል ሁለት የዐይን ሐኪሞች፣ ሜይ ጆንግሚንግና ጁ ኸፒንግ፣ በዚሁ በሽታ ሞቱ። በአንድ ሆስፒታል በአንድ ሙያ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች መሞታቸው የዐይን ሕክምና ከሌሎች የሙያ ዘርፎች የተለየ አደጋ ይኖረው እንደሆነ ጥያቄ አስነሣ።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ተጨማሪ ክብደት አለው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ 49.9 በመቶ የሚሆነው በዐይን ሞራ ግርዶሽ የመጣ መሆኑን አመልክቷል። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ይሁንና ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች ግብ ተደርጎ ከተቀመጠው፣ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 4 የዐይን ሐኪሞች ከሚለው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ኢትዮጵያ ያላት የዐይን ሐኪም ብዛት እጅግ ዝቅተኛ ነው። አንድ የዐይን ሐኪም ለሁለት ሳምንት ከሥራ ሲለይ ብርሃናቸው በቀዶ ሕክምና ሊመለስ የሚችል ብዙ ሰዎች ተራቸው ይራዘማል፤ ሐኪሙ ቢሞት ደግሞ ጉድለቱን ለመሙላት የዓመታት ሥልጠና ያስፈልጋል። ስለዚህ የሐኪሙ ጥበቃ የሠራተኛ ደኅንነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ዓይነ ስውርነትን የመከላከል ሥራ አካል ነው።

2. የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ጥናቱ የትረካዊ ክለሳ ዘዴን ይከተላል። በኮሮና ቫይረስ፣ በኢንፍሉዌንዛ፣ በአዴኖቫይረስና በኩፍኝ ዙሪያ የታተሙ ክሊኒካዊና የቤተ ሙከራ ውጤቶች ተነጻጽረው ቀርበዋል። የተመረጡት ጥናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ውጤት የሚያጠናክሩ ብቻ አይደሉም፤ እርስ በርስ የሚለያዩትም ሆን ተብሎ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የልዩነቱ ምክንያት ራሱ ለጥበቃው አቀራረብ ትምህርት ስለሚሰጥ ነው። ቫይረሶች በሬቲናና በዐይን ነርቭ ላይ የሚያደርሱት ዘግይቶ የሚታይ ጉዳት ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

3. ዐይንና የመተንፈሻ አካል የሚገናኙበት መንገድ

ዐይን ከመተንፈሻ አካል የተነጠለ አይደለም። የዐይንን ነጭ ክፍልና የሽፋኖቹን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን፣ ኮንጀንክታይቫ፣ እንደ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጠኛ ገጽ ሁሉ እርጥብና ለውጭው አየር የተጋለጠ ነው። እንባ ዐይንን ካረጠበ በኋላ በሁለቱ ሽፋኖች ጫፍ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያም በቱቦ ወደ አፍንጫ ውስጥ ይፈስሳል። ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው የሚያፈስሰው፣ የዐይን ጠብታ የጨመረ ሰውም ምሬቱን በጉሮሮው የሚቀምሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን መንገድ ትርጉም ከተረዱት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ኬኔት ማክሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919፣ የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ገና ባልበረደበት ጊዜ፣ በበጎ ፈቃደኞች ዐይን ላይ ለመለየት ቀላል የሆነ ባክቴሪያ ጨምሮ ባክቴሪያው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በአፍንጫ መገኘቱን አሳየ። አፍና አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ጨርቅ በቂ ላይሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ያ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ የደረሰው በ1911 ዓ.ም. ሲሆን በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወሳል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ከዚሁ መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው።

ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጣበቅበት ተቀባይ ያስፈልገዋል። የኮሮና ቫይረስ ዋና ተቀባይ የሆነው ኤሲኢ-2 እና የመግባቱን ሂደት የሚያግዘው ቲኤምፒአርኤስኤስ-2 የተባለው ኢንዛይም በኮንጀንክታይቫና በኮርኒያ ገጽ ሕዋሳት ላይ መኖራቸውን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ መጠናቸው ግን ከአፍንጫ ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ነው የሚሉ ውጤቶችም ቀርበዋል። የኢንፍሉዌንዛ ሁኔታ የበለጠ ግልጽ ነው። በሰው የላይኛው የመተንፈሻ አካል ላይ የሚበዛው ተቀባይ ለሰው ኢንፍሉዌንዛ የሚስማማው ዓይነት ሲሆን፣ በዐይን ገጽ ላይ ግን የወፎች ኢንፍሉዌንዛ የሚጣበቅበት ዓይነት በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድስ የዶሮ እርባታዎች ኤች-7-ኤን-7 የተባለው ቫይረስ በተዛመተ ጊዜ መያዛቸው ከተረጋገጠ 89 ሰዎች መካከል 78ቱ የታየባቸው የዐይን መቆጣት ነበር፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ግን በሳንባ ምች ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ከወተት ላሞችና ከዶሮዎች ኤች-5-ኤን-1 የተያዙ 45 ሰዎች ሲመረመሩም 93 በመቶው የዐይን መቅላት ነበረባቸው። ስለዚህ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ በመጀመሪያ የዐይን ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ ይችላል የሚለው አስተያየት ከግምት ያለፈ ነው።

4. ዐይን እንደ ምልክት

በኮቪድ-19 ሕሙማን ላይ የዐይን ምልክት ምን ያህል ይታያል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ መልሶች በጣም ተራርቀው ነበር። ጓንና ባልደረቦቹ በቻይና 1,099 ሕሙማንን ተመልክተው የዐይን መቅላት ያገኙት በ0.8 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ዉና ባልደረቦቹ ደግሞ በሁቤይ ክፍለ ሀገር 38 ሕሙማንን መርምረው በ12ቱ፣ ማለትም በ31.6 በመቶው ላይ የኮንጀንክታይቫ መቆጣት ምልክቶችን አይተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ40 እጥፍ ያህል ልዩነት በቫይረሱ ለውጥ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ጥናት ከብዙ ሆስፒታሎች የሕክምና መዝገብ የተሰበሰበ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ትኩረታቸው ሳንባ ላይ ስለነበር ቀላል የዐይን መቅላትን ላይመዘግቡ ይችላሉ። ሁለተኛው ዐይንን ለማየት ታስቦ የተደረገ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነና ምልክቶቹ በጽኑ ሕሙማን ላይ የበዙበት ነው። በጽኑ ሕሙማን ላይ የሚታየው የዐይን ሽፋን እብጠት ከቫይረሱ ሌላ የሰውነት ፈሳሽ መዛባትና በአልጋ ላይ ተኝቶ መቆየትም ሊያመጡት ይችላሉ።

ይህ ውጤት ወደ ኢትዮጵያ ሁኔታ ሲመጣ ችግሩ ይብሳል። በቻይናው ጥናት ከፍተኛው ቁጥር እንኳ ቢወሰድ ከሦስት ሕሙማን የሁለቱ ዐይን አይቀላም። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ዐይን የሚያቀሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ትራኮማ በገጠር አሁንም ይታያል፤ በሕፃናት ላይ የሚበረታ የአለርጂ መቆጣት በዐይን ክፍሎች የዘወትር ጉዳይ ነው፤ በባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት የምታበስል እናት ዐይን ከጭስ የተነሣ ሊቀላ ይችላል። ከእንጦጦ ዳገት የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለአቧራም ለጭስም የተጋለጡ ናቸው። በመሆኑም «ዐይኑ የቀላ ተጠርጣሪ ነው» የሚል የልየታ ሕግ ቢወጣ በአንድ በኩል ብዙ ጤነኞችን ያስቀራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸውን አብዛኞቹን ያሳልፋል። የሊ ዌንሊያንግ ታካሚ የመጣችው ለግላኮማ ነበር፤ ዐይኗን የሚመለከት ሕግ ቢኖር ኖሮም አያግዳትም ነበር።

ከዚህ አጠቃላይ አስተያየት የሚለይ አንድ ሁኔታ አለ። ሳል፣ ንፍጥ፣ ትኩሳትና የዐይን መቅላት በሕፃን ላይ በአንድነት ሲታዩ፣ በተለይም ሽፍታ ከተከተለ፣ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ኩፍኝ በአየር በቀላሉ ከሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ሲሆን የቫይታሚን ኤ እጥረት ባለባቸው ሕፃናት ላይ ኮርኒያን አቁስሎ እስከ ዓይነ ስውርነት ያደርሳል። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች በአንድነት የታዩበት ሕፃን በዐይን ክፍል መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ተራ እንዲጠብቅ መደረግ የለበትም።

5. ዐይን እንደ መውጫ

የታካሚው እንባ ሐኪሙን ያስይዛል የሚለው ስጋት በወረርሽኙ መጀመሪያ ብዙ ሐኪሞችን አስጨንቋል። የተሰበሰበው ማስረጃ ስጋቱን ሙሉ በሙሉ ባያስወግደውም መጠኑን ይወስነዋል። ከላይ በተጠቀሰው የዉና ባልደረቦቹ ጥናት በኮንጀንክታይቫ ናሙና ቫይረሱ የተገኘው ከ38ቱ በ2ቱ ላይ ነው። ሺያና ባልደረቦቹ 30 ሕሙማንን መርምረው ቫይረሱን ያገኙት የዐይን መቆጣት በነበረው አንድ ታካሚ ላይ ብቻ ነው። በሲንጋፖር ከ17 ሕሙማን በሕመማቸው የተለያዩ ቀናት የተወሰዱ 64 የእንባ ናሙናዎች በሙሉ ከቫይረስ ነፃ ሆነው ተገኝተዋል። በተቃራኒው በጣሊያን በአንዲት የ65 ዓመት ታካሚ ላይ የቫይረሱ የዘር ቅንጣት በዐይን ናሙና ውስጥ እስከ 21ኛው ቀን ሲታይ ቆይቶ በ27ኛው ቀን እንደገና ተገኝቷል፤ ከመጀመሪያው ናሙናም መባዛት የሚችል ሕያው ቫይረስ ተለይቷል።

እነዚህ ውጤቶች ሲነበቡ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። የፒሲአር ምርመራ የሚያሳየው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት መኖር እንጂ ቫይረሱ ሕያው መሆኑን አይደለም። እንዲሁም ታካሚው ዐይኑን በእጁ ሲያሻሽ ከአፍንጫው ወደ ዐይኑ የተላለፈ ቫይረስ በዐይን ውስጥ ከተባዛው ቫይረስ በናሙናው ብቻ አይለይም። በጥቅሉ በኮሮና ቫይረስ ረገድ እንባ የሚያስከትለው አደጋ ያለ ቢሆንም ከትንፋሽ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አዴኖቫይረስ ግን ፍጹም የተለየ ነው። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ 3ኛውና 7ኛው፣ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የዐይን መቅላት በአንድነት ያመጣሉ። 8ኛውና 37ኛው ደግሞ ኮርኒያን ጭምር የሚያጠቃ ወረርሽኛዊ የዐይን መቆጣት ያስከትላሉ፤ በኮርኒያ ላይ የሚቀረው ነጠብጣብ እይታን ለወራት ሊያደበዝዝ ይችላል። ይህ ቫይረስ በእንባ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በደረቅ ገጽ ላይም ለሳምንታት መቆየት ይችላል። በዓለም ዙሪያ በተደጋጋሚ እንደተመዘገበው ራሱ የዐይን ክሊኒክ የወረርሽኙ ማዕከል ይሆናል፤ መተላለፊያው የሐኪሙ ጣት፣ የዐይን ግፊት መለኪያው ቶኖሜትር ጫፍና ለብዙ ታካሚዎች የሚያገለግል የጠብታ ጠርሙስ ነው። በዚህ በሽታ ሐኪሙ ተጠቂ ብቻ ሳይሆን አስተላላፊም ነው። ስለዚህ እንባን የሚመለከተው ጥንቃቄ ኮሮና ቫይረስ ስላለፈ የሚተው አይደለም።

6. ዐይን እንደ መግቢያ

የቤጂንጉ የሳንባ ሐኪም ዋንግ ጓንግፋ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2020 ውሃንን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በቫይረሱ ተያዘ። ጉብኝቱን ያደረገው ኤን-95 ጭንብል አድርጎ ነበር፤ የዐይን መከላከያ ግን አላደረገም። ከትኩሳቱ አስቀድሞ የግራ ዐይኑ ቀልቶ ስለነበር ቫይረሱ በዐይኑ ሳይገባ አልቀረም የሚል ግምቱን በይፋ ገለጸ። የአንድ ሰው ታሪክ ማረጋገጫ ባይሆንም ተመራማሪዎችን አነሣሥቷል። በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱ በኮንጀንክታይቫ ላይ ብቻ ሲጨመር እንስሳቱ መያዛቸው ታይቷል። ከዚያ አስቀድሞም እ.ኤ.አ. በ2011 ቢሾፍና ባልደረቦቹ የተዳከመ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቫይረስ በአየር ላይ በመርጨት ቫይረሱ በዐይን በኩል ወደ አፍንጫ መድረሱን በሰዎች ላይ አሳይተው ነበር።

የዐይን መከላከያ በተግባር ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ቹና ባልደረቦቹ 13 ጥናቶችን በአንድነት ተንትነው፣ በ3,713 ሰዎች መረጃ ላይ ተመሥርተው፣ የዐይን መከላከያ ካደረጉት መካከል 5.5 በመቶው፣ ካላደረጉት መካከል 16 በመቶው መያዛቸውን አቅርበዋል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የማስረጃውን አስተማማኝነት ዝቅተኛ ብለውታል፤ መነጽር የሚያደርግ ሠራተኛ ሌሎች ጥንቃቄዎችንም የሚያደርግ ሊሆን ይችላልና። በሕንድ ቼናይ ከተማ ቤት ለቤት ይዞሩ ከነበሩ 62 የጤና ሠራተኞች 12ቱ ጭንብልና ጓንት እያደረጉ ተይዘው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት 50 ሠራተኞች የፊት መሸፈኛ ፕላስቲክ ሲጨመርላቸው ብዙ ሕሙማን ያሉባቸውን ቤቶች እየጎበኙ አንድም አልተያዘም። በኖርዌይ ደግሞ 3,717 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ከቤት ውጭ ከሌሎች ጋር ሲሆኑ መነጽር እንዲያደርጉ ሲደረግ፣ በኮቪድ የተያዙት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ፣ 3.7 እና 3.5 በመቶ ሆኑ።

የቼናይና የኖርዌይ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው። በኖርዌይ የተሞከረው ፊትን ከጎን የማይዘጋ ተራ መነጽር በአውቶቡስና በገበያ ያለ ጥበቃ ነው። የቼናዩ ሽፋን ዐይንን ብቻ ሳይሆን አፍንጫን፣ አፍንና ጭንብሉን ራሱን ከጠብታ ጠብቋል፤ እጅም ፊትን እንዳይነካ ከልክሏል። ለዐይን ሐኪም የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የማንበቢያ መነጽር ያደረገ ሐኪም ራሱን እንደተጠበቀ አድርጎ እንዳይቆጥር ነው።

7. ርቀት፦ የዐይን ምርመራ ልዩ ባሕርይ

ከላይ የተዘረዘረው ማስረጃ ሲደመር የዐይን ሐኪምን ከሌላው ሐኪም የሚለየው የሚመረምረው አካል ሳይሆን የሚመረምርበት ርቀት መሆኑ ይታያል። በስሊት ላምፕ ሲመረመር ሐኪሙና ታካሚው ፊት ለፊት ተቀምጠው በመካከላቸው የሚቀረው ርቀት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጅ በሚያዝ ኦፍታልሞስኮፕ ሲታይ ደግሞ ርቀቱ ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ቅርበት «ወደ ላይ ይመልከቱ»፣ «መቼ ጀመርዎት?» እየተባለ ንግግር ይደረጋል። የምርመራው ክፍል ብዙ ጊዜ ጨለማ እንዲሆን መስኮቱ በመጋረጃ ይዘጋል፤ የአየር እንቅስቃሴውም አብሮ ይዘጋል። በእንጦጦ ግርጌ ባለው የጉለሌ ቅዝቃዜ፣ በተለይ በክረምት፣ መስኮት መዝጋቱ ለታካሚውም ለባለሙያውም የሚፈለግ ነገር ነው። በተጨናነቀ የዐይን ክፍል አንድ ሐኪም ይህን በአንድ ቀን ከብዙ ታካሚዎች ጋር ይደግመዋል፤ እያንዳንዱ ግንኙነት አጭር ቢሆንም ድምሩ ረጅም ነው።

አደጋው በሐኪሙ ላይ ብቻ አይወሰንም። የእይታ መጠን የሚለካው ኦፕቶሜትሪስት፣ ጠብታ የሚጨምረው የዐይን ነርስ፣ ከሐኪሙ ትከሻ ጀርባ ቆሞ የሚማረው ሬዚደንትና ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ማየት የተሳነውን አረጋዊ እጁን ይዞ የመጣው አስታማሚም በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አስታማሚን ከልክሎ ጥበቃ ማድረግ ለዐይን ሕሙማን የማይመች በመሆኑ ጭንብሉና የአየር ዝውውሩ እርሱንም የሚያካትቱ መሆን አለባቸው።

በቀዶ ሕክምና በኩል ያለው አደጋ በአንጻሩ የተመጠነ ነው። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራ ስለሆነ በጉሮሮ ቱቦ ማስገባት አያስፈልግም፤ ታካሚው ጭንብል ማድረግ ይችላል፤ የዐይን ውስጠኛው ፈሳሽም በሥራው ወቅት በንጹሕ ፈሳሽ ይተካል። ከዚህ የሚለየው የእንባ ቱቦን ወደ አፍንጫ የመክፈት ቀዶ ሕክምና ሲሆን የአፍንጫን ውስጠኛ ገጽ ስለሚነካ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻል። በአየር ግፊት የሚሠራው ቶኖሜትርም የእንባ ጠብታዎችን ወደ አየር ሊረጭ ስለሚችል በወረርሽኝ ጊዜ ቢቀር ይመረጣል።

8. የጥበቃ ቅደም ተከተል

ከውጤቶቹ የሚመነጨው ቅደም ተከተል ከዋጋ ይልቅ አደጋው ከሚመጣበት አቅጣጫ የተነሣ ነው። አብዛኞቹ እርምጃዎች በጉለሌም ሆነ ከጉለሌ ውጭ ባሉ አነስተኛ ክሊኒኮች የሚቻሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ትንፋሽን ከምንጩ መገደብ። በወረርሽኝ ወቅት ወደ ምርመራ ወንበር የሚቀርብ ታካሚ ሁሉ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጭንብል ያድርግ፤ ነጠላን ወደ ፊት መሳብ ልማዱ ለሆነ ታካሚ ነጠላው ከምንም ይሻላል እንጂ ጭንብልን አይተካም። የጭንብሉ የላይኛ ጠርዝ በፕላስተር ቢጣበቅ የምርመራው መስታወት በትንፋሽ አይደበዝዝም። ጥያቄዎች ከስሊት ላምፑ ርቀው ተጠይቀው ይለቁ፤ አገጭ በመሣሪያው ላይ ካረፈ በኋላ ዝምታ ይሁን።

ሁለተኛ፣ አየርን መለወጥ። በታካሚዎች መካከል መጋረጃውንና መስኮቱን መክፈት፣ ተራ ጠባቂዎችን ከቤት ውጭ ወይም በተከፈተ መተላለፊያ ማስቀመጥና ቀጠሮን በሰዓት መከፋፈል ምንም መሣሪያ አይጠይቁም።

ሦስተኛ፣ በስሊት ላምፑ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ጋሻ መግጠም። ጋሻው ትልቅ በሆነ መጠን ይጠቅማል፤ ከሐኪሙ ፊት ያነሰ ጋሻ በጎኑ የሚያልፈውን ትንፋሽ አያግድም። ጋሻ የጭንብል ማሟያ እንጂ ምትክ አይደለም፤ ራሱም በየታካሚው መካከል መወልወል አለበት።

አራተኛ፣ የሐኪሙን አፍ፣ አፍንጫና ዐይን በአንድነት መሸፈን። ጎኑ የተዘጋ መነጽር ወይም የፊት መሸፈኛ ፕላስቲክ ከጭንብል ጋር ይደረግ። መነጽሩ በትንፋሽ እየደበዘዘ ሥራ ስለሚያውክ ባለሙያው ሊያወልቀው ይፈተናል፤ የሐኪሙ ጭንብል በአፍንጫ አጥንት ላይ በደንብ ሲገጥም ችግሩ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ እጅንና መሣሪያን ማጽዳት። ይህ ከሁሉ በላይ አዴኖቫይረስን ለመከላከል ነው። የቶኖሜትር ጫፍን በአልኮል መጥረግ ብቻ ለዚህ ቫይረስ አያስተማምንም። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ጫፉ በዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ካልታጠበ የተረፈው በረኪና ኮርኒያን ያቃጥላል። ሁለት ወይም ሦስት ጫፎች በተራ ቢሠራባቸው ታካሚ ሳይጉላላ ጊዜው ይሞላል። በረኪና ጫፉን ከጊዜ በኋላ ስለሚሰነጣጥቅ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ የታመመ ባለሙያ ከሥራ እንዲርቅ መፍቀድ። በአዴኖቫይረስ ዐይኑ የቀላ ሐኪም ለሁለት ሳምንት ያህል ታካሚ መንካት የለበትም። ይህ ሊሆን የሚችለው ባለሙያው መታመሙን በመናገሩ ደመወዙን ወይም የሥልጠና ጊዜውን የማያጣ ሲሆን ነው። በክትባት ሊከላከሉት ለሚቻለው በሽታ ደግሞ መከተብ ይቀድማል፤ በኢትዮጵያ የኮቪድ ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነበር።

9. ማጠቃለያ

የመተንፈሻ አካል ቫይረስ በዐይን ይታያል፣ በዐይን ይወጣል፣ በዐይንም ይገባል፤ ሆኖም የሦስቱ ክብደት ከቫይረስ ቫይረስ ይለያያል። በወፍ ኢንፍሉዌንዛ ምልክቱ ጎልቶ ይታያል፤ በአዴኖቫይረስ እንባው ዋና መተላለፊያ ነው፤ በኮሮና ቫይረስ ግን ምልክቱም እንባውም ከትንፋሹ ያንሳሉ። ሐኪሙ በማለዳ ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲገባ የሚመጣው ታካሚ የትኛውን እንደያዘ አያውቅም። ስለዚህ የጥበቃው መሠረት የታካሚው ዐይን መልክ ሳይሆን የምርመራው ርቀት ሊሆን ይገባል።

የቫይረስ ቤተ ሙከራና የዐይን ሐኪሞች ማሠልጠኛ በአንድ ክፍለ ከተማ መገኘታቸው ለቀጣይ ምርምር ምቹ ሁኔታ ነው። ከአንድ ታካሚ የዐይንና የአፍንጫ ናሙና በአንድ ጊዜ ወስዶ ማነጻጸር፣ በዐይን ክፍል ለሚታየው ቀይ ዐይን የትኛው ቫይረስ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው መለየት፣ እንዲሁም በባለሙያዎች ላይ የሚደርሰውን ሕመም በሥራ ክፍል ለይቶ መመዝገብ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆኑ ርእሶች ናቸው። ምዝገባው በሰላሙ ጊዜ ቢጀመር ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ የዐይን ሐኪሞችን ለመጠበቅ የሚወጣው መመሪያ ከሌላ አገር በተወሰደ ቁጥር ላይ ብቻ አይመሠረትም።